ጋሽ እርማት ያወጣው ስም

በጋዜጣው ቤት ውስጥ ከሰውም ከዕቃም ዕድሜ ጠገብ የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ አሳንሰሩና እሱ። ልዩነታቸው፣ አሳንሰሩ አንዳንዴ አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። እሱ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም ነበር።

ሥራው የመጨረሻ አንባቢነት ነው። ዘጋቢው ጽፎ፣ አዘጋጁ አይቶ፣ ገጹ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ወረቀቱ እሱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ቀይ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ ይመዛል፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወርዳል፣ ከዚያ በኋላ የእናቱን ልጅ አይምርም። በአንድ ነጠላ ሰረዝ ሰው አስለቅሶ ያውቃል። "ጋሽ እርማት" ብለው ያሾፉበት ለዚህ ነው። ሽሙጥ መሆኑን ከጥበቃው እስከ ሹፌሩ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ብቻ ሹመት መስሎት ደረቱን ነፍቶ ኖረበት።

ሰው አማህ እንዳትሉኝ፣ ይህን ሁሉ ያወራኝ ራሱ ነው። እንዲያውም እሱ ራሱን ካማው ላይ ቀንሼ ነው የምነግራችሁ።

እንግዲህ ጋሽ እርማት ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ሙያ ነበረው፤ ስም ማውጣት። በሌላው ጋዜጣ ቤት በደል የደረሰባት ልጅ ማንነቷ እንዳይታወቅ ሲፈለግ "ህፃን ሀ" ተብላ ትጻፋለች። እሱ ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል። "ሀ ፊደል ናት እንጂ ልጅ አይደለችም!" ይላል ጠረጴዛውን እየደበደበ። "ለፊደል የሚያለቅስ አንባቢ አይታችኋል?" ስለዚህ ምትክ ስም መስጠት የእሱ ርስት ሆነ። ደግሞ ያገኘውን ስም አንስቶ አይለጥፍም። ለልጅቷ ዕድሜ የሚመጥን፣ ለሰፈሯ የሚሆን፣ ከወላጆቿ ዘመን የማይጣላ፣ ሲጠሩትም ለአፍ የሚጥም መሆን አለበት። ዘጋቢዎቹ "ጋሼ፣ ለዚህችኛዋስ ማን እንበላት?" ብለው ሲመጡ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል፣ ከላይ የሚነገረው ያለ ይመስል። ከዚያ ስሙን ይናገራል። "ወይ ጋሼ! ከየት ነው የሚያመጡት?" ሲሉት እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

ከየት እንደሚያመጣው በኋላ ታወቀ። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤት ዘጋቢዋ ዜና ይዛ መጣች። በየቤቱ እየዞረ ልጆች የሚያስጠና አንድ ሰው፣ በአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው በደል ጥፋተኛ ተብሎ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ወህኒ ወርዷል። ዘጋቢዋ ነገሩን አጭር፣ ደረቅና ንጹሕ አድርጋ ጽፋዋለች። ጋሽ እርማት አንብቦ ከንፈሩን መጠጠ።

"ልጄ፣ ይሄ ዜና ነፍስ የለውም" አላት። "ልጅቷ የታለች? አላየኋትም እኮ።"

"እንዳትታይ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"ስሟን ደበቅን ማለት እሷን ደበቅን ማለት አይደለም!"

ይህችን አባባሉን እንዴት እንደወደዳት! ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ለጥበቃው ሁሉ ደግሞ ነገረው። ከዚያ ተቀምጦ ዜናው ላይ ነፍስ ይዘራበት ጀመር። ከዘጋቢዋ ማስታወሻ የትምህርት ቤቱን ሰፈር አገኘ፣ አምስተኛ ክፍል መሆኗን አገኘ፣ ዳቦ ቤቱ ያለበት መንገድ ላይ እንደምትኖር አገኘ። ጨመራቸው። ቀይ የፀጉር ማሰሪያዋን ከራሱ አመጣው፤ የፀጉር ማሰሪያ የሌላት ልጅ የለችም ብሎ። ሥዕል እንደምትወድም እንዲሁ መጣለት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ስሟም መጣ። ስሙን እኔም አልነግራችሁም፤ አንዴ ወጥቶ ያደረሰው ይበቃል። ርዕሱንም ራሱ ሰጠ፦ "እምቡጧ ተቀጠፈች"።

ከዚያ፣ ሞት ይርሳኝ የሚያሰኘው ይሄ ነው፣ ራሱ በጻፈው ነገር ራሱ አለቀሰ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ለሚስቱ ስልክ ደወለ። አነበበላት። "ልብ ይነካል" አለችው። "አይደል?" አላት። ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣው ወጣ።

ሰኞ ዕለት ከታች ጥበቃው ደወለ። "ጋሼ፣ አንዲት ሴት የሐሙሱን የጻፈውን ሰው ካላየሁ ብላለች።"

ጋሽ እርማት ኮቱን ለበሰ፣ ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ። አንዳንዴ አንባቢ ለማመስገን ይመጣል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆኖ ያውቃል። ሴትየዋ ገባች። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ሹራቧ ላይ የክር ቁርጥራጭ የተበተነባት፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የረሳች። ጋዜጣውን አራት ላይ አጥፋ ይዛዋለች።

"እርስዎ ነዎት የጻፉት?"

"እኔ ነኝ፣ እህቴ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።"

"የልጄን ስም ከየት አመጡት?"

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። "እንዴ፣ ስሙማ የተለወጠ ነው። ከሥር በቅንፍ ተጽፏል።"

"ቅንፍ ማን ያነባል?" አለች ሴትየዋ። "ልጄ በዚህ ስም ነው የምትጠራው። አምስተኛ ክፍል ናት። የምንኖረው ዳቦ ቤቱ መንገድ ላይ ነው። ሥዕል ትወዳለች። ልጄን ማንም አልነካት፣ አስጠኚም ኖሯት አያውቅም። አሁን ግን ጎረቤት ባየኝ ቁጥር ከንፈር ይመጥልኛል። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አፏ ተለጉሞ ገባች። ዓርብ ቀረች። ዛሬም ቦርሳዋን አንግባ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ምን ሆንሽ ስላት አትናገርም።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?"

ጋሽ እርማት ጋዜጣውን ተቀብሎ ያን ቅንፍ በጣቱ ይፈልግ ጀመር።

ዋና አዘጋጇ ተጠራች። በአንድ ወቅት የእሱ ተማሪ ነበረች፤ አሁን አለቃው ናት። ሴትየዋን አዳመጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ነገሩን እንደምታስተካክል ቃል ገብታ ሸኘቻት። ከዚያ ያለፈውን ወር ጋዜጦች አስመጣች። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ የትምህርት ቤቶች የሥዕል ውድድር አሸናፊዎች ተዘርዝረዋል። ከአምስተኛ ክፍል፣ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ። ስሟ ከነአባቷ፣ ትምህርት ቤቷ፣ ሁሉም አለ። ገጹን የመጨረሻ ያነበበው ማን ሆነና!

"ከላይ ነው የሚመጣልኝ ይሉን ነበር" አለች ዋና አዘጋጇ።

"ከገጽ ሰባት ነው" አለ ጋሽ እርማት። ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ አለ። ዘጋቢዋ የትምህርት ቤቱን ሰፈር ጽፋ ስታመጣለት፣ ጭንቅላቱ ዝርዝሩን ከነስሙ ከነሥዕሉ መዝዞ አቀበለው፤ እሱ ደግሞ ጸጋ መስሎት ተቀበለ። እዚህ ላይ ሲያወራኝ ራሱን በቡጢ መታ፣ እውነቴን ነው።

"ነገ እርማት ይዘጋጅ፣ ለረቡዕ ይውጣ" አለች አለቃው። "ሦስት መስመር። ስሙ ምትክ እንደሆነ፣ በዚህ ስም የምትጠራ ተማሪ ካለች ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላት።"

እርማት መጻፍማ እናቱ ቤት ነው! ጻፈው፣ አሳመረው፣ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ማክሰኞ ግን ወደ ገጹ አልላከውም። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ ሴትየዋ ትታ የሄደችውን አድራሻ ይዞ፣ ከመውጣቱ በፊት ትየው ብሎ ቤቷ ድረስ ሄደ። በዕድሜ ዘመኑ ለማንም ያላደረገው ነገር ነው።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። ልጇን ብቻዋን ላለመተው ሥራዋን ቤት አምጥታዋለች፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ አልጋው ላይ ኮሌታ ያልገባላቸው ሸሚዞች ተቆልለዋል። ከወንበሩ ላይ ሸሚዝ አንስታ አስቀመጠችውና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ወደ ጓዳው የሚያስገባው በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ እርማት ጉሮሮውን ጠርጎ እርማቱን አነበበላት። ሲያነብ፣ አታድርስ ነው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፁን ሁሉ ዝቅ ከፍ አደረገ።

ሴትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች። "ጥሩ ነው። ይውጣልኝ።"

"አይውጣ!" የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ቆመች። ቀጭን፣ ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ አጥሮ የተቆረጠ። የሚያስር ነገር የለውም። ጋሽ እርማት ፀጉሩን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"ምን ማለትሽ ነው?" አለች እናትዋ።

"እሱ ከወጣ እኔ አይደለሁም ማለት ነው። እኔ ካልሆንኩ፣ ታዲያ ማን ናት ይላሉ። ከክፍላችን በዚህ መንገድ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን።"

"ማን?" አለ ጋሽ እርማት።

ወዶ አይደለም፣ አፉ ለምዶበት ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። አስተማሪ እንኳ እንደዚያ አይቶት አያውቅም።

"አልነግርዎትም" አለችው።

እናትዋ መኪናውን መርገጥ አቆመች። "ትምህርት ቤት የቀረሽው ለዚህ ነው?"

"ሐሙስ ሁሉም ከበቡኝ። አንቺ ነሽ ወይ፣ አንቺ ነሽ ወይ ይሉኛል። አዎ ካልኩ ዋሸሁ። አይደለሁም ካልኩ ወደ እሷ ይሄዳሉ። እሷም እዚያው ቆማ ነበር። ታየኝ ነበር።" እግሯን አነባበረች። "ምንም አላልኩም። በኋላ መልስ ሲያልቅብኝ ቀረሁ።"

"እኔ እኮ አፍረሽ መስሎኝ ነው፣ እናቴ" አለቻት።

"ምን አድርጌ ነው የማፍረው? እሷስ ብትሆን ምን አድርጋ ነው?" ደግሞ ወደ ጋሽ እርማት ዞረች። "ተቀጠፈች ያሉት ደግሞ ውሸት ነው። ሩጫ ትቀድመኛለች።"

አቤት! ጋሽ እርማት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ሲል የኖረው ሰው ምስጢሩን በየመንገዱ ዘርቶታል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት አፏን ይዛ፣ ቀለሟን ትታ፣ ቤቷ ተቀምጣ የጠበቀችው። እናትዋ ልጇን ስባ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት፣ ለጉልበት የማትሆን ትልቅ ልጅ ናት፣ አንገቷ ሥር ሳመቻት። ካቀፈቻት በኋላ ግን ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሐሙስ ጋዜጣ ላይ አረፈ። አነሳችው። ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ መልሳ አነበበች።

"ቆይ እስቲ፣ ሰውየው የታለ?"

"የቱ ሰውዬ?"

"አስጠኚው ነዋ! የልጅቷ ትምህርት ቤት አለ፣ ክፍሏ አለ፣ መንገዷ አለ፣ የፀጉር ማሰሪያዋ ሳይቀር አለ። ስለሱ ግን 'አንድ ግለሰብ' ይላል። ስም የለውም እንዴ?"

ያን ጊዜ ነው የታወሰው። ዘጋቢዋ ስሙን ጽፋው ነበር። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው ነው፣ ስሙን መጻፍ የሚከለክል ሕግ የለም። ከነስሙ፣ በአራት ሰፈር በየቤቱ ለስድስት ዓመት ሲያስጠና እንደኖረ፣ ፍርዱ እስኪሰጥ በዋስ ወጥቶ ሥራውን ይሠራ እንደነበር፣ ልጁን ከእሱ ጋር ያስጠና ወላጅ ካለ በዚህ ስልክ ይደውል ብሎ ፖሊስ ያሳሰበውን ሳይቀር ጽፋዋለች። ጋሽ እርማት ነፍስ ሲዘራ ዜናው ከገጹ ተረፈ። አንድ ነገር መቆረጥ ነበረበት። የፀጉር ማሰሪያውን ቆርጦ መጣል አሳዘነው። ስለዚህ መጨረሻ ያለውን ቆረጠ።

"ቆርጬዋለሁ" አላት። ላብ በላብ ሆኗል። "ቦታ ጠቦን።"

"ታዲያ የደበቃችሁት ማንን ነው?" አለች ሴትየዋ።

እርማቱን እዚያው ቀደደው። ከመውጣቱ በፊት ልጅቷን፣ "ታዲያ ምን እንጻፍ፣ የኔ ልጅ?" አላት። ከልቡ ነው የጠየቃት። "ስለ እኛ አትጻፉ" አለችው።

ቢሮ እንደገባ ሮጦ ዘጋቢዋ ጋ ሄደ። "ልጄ፣ ያን የቆረጥኩብሽን አምጪው። ፖሊስ ጣቢያም ደውለሽ ስልኩ አሁንም የሚሠራ መሆኑን አረጋግጪ።" ዘጋቢዋ እንደገና ጻፈችው፤ አጭር፣ ደረቅና ንጹሕ። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ የትና ለስንት ዓመት እንዳስጠና፣ ወላጅ የት መደወል እንዳለበት። ስለ ልጅ ዕድሜ፣ ስለ ክፍል፣ ስለ መንገድ አንዲት ቃል የለም። ጋሽ እርማት ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ምንም ሳይነካ መለሰላት። ዘጋቢዋ ደነገጠች፤ አሟቸው ይሆን ብላ።

"እርማቱስ?" አለች ዋና አዘጋጇ።

"አይወጣም። ልጅቷ ከልክላናለች።"

"ልጅቷ? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ?"

የሆነውን ነገራት። አለቃው ወንበሯን አዙራ የረቡዕን ገጽ ዘረጋችው። "የት እናስገባዋለን?" አለች። "ገጹ ሞልቷል።"

"የእኔን 'የቋንቋ ጥግ' አውጪው።"

'የቋንቋ ጥግ' በየሳምንቱ ረቡዕ ስለ አጻጻፍ የሚመክርበት ዓምዱ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይቋረጥ የወጣ። ለሕዝብ ጥቅም ሲል መሥዋዕት አደረገው። አንባቢ ያን ቀን ስልክ ያጨናንቃል ብሎ ፈርቶም ነበር። እስከ ዛሬ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሴትየዋ ደወለች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አላለችም፤ ጎረቤቷ አሁንም ከንፈር ይመጥላታል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሰውየው ሆኗል፣ ስሙን የማያውቅ የለም፣ "አንቺ ነሽ ወይ?" ያላት ሰው አላጋጠማትም። "ሁለት ሆነው ነው የገቡት" አለችው። ማንና ማን ብሎ አልጠየቀም። መቼም አፉን ይዞ መዋሉ እሱንም ገርሞታል።

ደስ አለው። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ የተረጋጋ፣ ትሑት፣ ቃል እየመረጠ የሚናገር ጎልማሳ። "ጋዜጣ ቤት ነው? ይቅርታ፣ ጊዜዎን ልሻማ ነው" አለ። "የትናንቱን ዛሬ ነው ያየሁት። ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ልጄን ለሁለት ዓመት አስጠንቷታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው።"

"እሺ" አለ ጋሽ እርማት። ቁጭ አለ።

"የዛሬ ሳምንት የወጣውንም አንብቤው ነበር፣ እምቡጧ የሚለውን። በጣም ነው ያዘንኩት። አዝኜ ገጹን ገለበጥኩት።" አለና ቀጠለ። "ያለፈው ቅዳሜ አስጠኚው ቀረ። ስደውልለት ስልኩ አይሠራም። አስቀይማው መስሎኝ ልጄን ተቆጣኋት። እንደዚህ ያለ ጥሩ ሰው አባረርሽብኝ አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።"

ጋሽ እርማት የፖሊሱን ቁጥር ነገረው። ሐኪም የት እንደሚያገኝ ነገረው። ልጅቷን ጥያቄ አታብዛባት፣ አምንሻለሁ በላት፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም በላት አለው። ሰውየው እየደገመ ጻፈው።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለ ሰውየው። "የዛሬ ሳምንት ስሙን አታውቁትም ነበር?"

"እናውቅ ነበር" አለ ጋሽ እርማት። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ሰውየው አልተሳደበም። ስልኩን አንድ ቦታ ሲያስቀምጥ ተሰማ፣ ሳይዘጋው። ጋሽ እርማት ጆሮው ላይ እንደያዘው ቀረ። ከወዲያ ማዶ በር ተከፈተ፣ ሰውየውም "ነይ፣ የኔ ልጅ፣ ነይማ፣ አልቆጣሽም" እያለ ሲጠራ ሰማው።